ለኩሬው አያት የተሳልኳቸው ሦስት ፊልሞች

ረቡዕ፣ ጁን 11

ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ሲኒማ ገባሁ። ትኬት የምትቆርጠው ልጅ እንደ ወትሮው ሳልነግራት ከኋላ ያሉትን ሁለት የዳር ወንበሮች ሰጠችኝ። አንድ ነው የምፈልገው ማለት አቅቶኝ ሁለቱንም ተቀበልኩ። የእማዬ ወንበር ላይ ጃንጥላዬን አስቀመጥኩበት።

ፊልሙ የበራሪ ጀግና ነው። አረንጓዴ ካባ የለበሰ ጎረምሳ ባቡር ይገጨዋል፣ ሕንጻ ይናድበታል፣ ከደመና በላይ ተወርውሮ አስፋልት ላይ ይፈጠፈጣል። ከዚያ አቧራውን አራግፎ ይነሳና ይቀልዳል። ሰዉ ያጨበጭባል። እኔ ጥርሴን ነክሼ ነው የጨረስኩት። እናቴን ባቡር አልገጫትም። ከሳሎን ወደ ጓዳ ስትሄድ ከቁመቷ ነው የወደቀችው። ይኸው ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ አለ፣ ምላሷም ተሳሰረ። ያ አረንጓዴ ደደብ ግን ይነሳል፣ ይቀልዳል፣ እንደገና ይነሳል።

ሰው ቢያየኝ እናቷን አልጋ ላይ ጥላ ሲኒማ ትዞራለች ይለኛል። ይበል። ለመዝናናት አይደለም የሄድኩት። እማዬ ከሆስፒታል በወጣች ማግስት የከተማችን ጠባቂ መንፈስ የኩሬው አያት መቅደስ ሄጄ ስለት ተስያለሁ። «እናቴ አፏን ከፈታች ሦስት አዲስ ፊልም ግቢዎ ውስጥ አሳይዎታለሁ። አንድ ካርቱን፣ አንድ ኮሜዲ፣ አንድ የበራሪ ጀግና» አልኳቸው። ሌላው ሰው ለሌላ መንፈስ የአሳማ ጭንቅላት ወይም ዘፋኝ ይሳላል። የኛ አያት ፊልም እንደሚወዱ ግን ኡዶን ከተማ ውስጥ የማያውቅ የለም። ታዲያ ሳላይ የማይረባ ነገር ላቀርብላቸው ነው?

ዓይነቱን የመረጥኩት በእማዬ ነው። የሚያስለቅስ ፊልም አትወድም። «ለማልቀስማ ለቅሶ ቤት አለ፣ በነጻ» ትላለች። ትል ነበር። ሁሌ በስተቀኟ ነው የምቀመጠው። የሚያስቅ ነገር ሲመጣ በቀኝ እጇ ጀርባ ጉልበቴን ሦስት ጊዜ ትመታኝና ስሜን እየጠራች «ቱም! ቱም! አየሽው?» ትላለች፣ ሲኒማ ቤቱ ሁሉ እስኪሰማ። እኔም «አየሁት፣ ዝም በይ» እላለሁ። አሥራ ምናምን ዓመት ሙሉ፣ በየረቡዑ።

ዛሬ ጉልበቴን የነካው የለም። አረንጓዴውን ሰውዬ ለአያት አላቀርብም። ተሰርዟል።


እሑድ፣ ጁን 15

አጎት ፕራዩን ሽበታቸውን ጥቁር ሊቀቡ ጸጉር ቤቴ መጡ። ፒክአፕ፣ ሸራና ፕሮጀክተር ያላቸው ሰው ናቸው። በየመቅደሱና በየቀብሩ ፊልም የሚያሳዩት እሳቸው ናቸው። ስለቴን ነገርኳቸው።

«አዲስ ነው ያልሽው?» አሉ፣ ቀለሙ ግንባራቸው ላይ እየወረደ።

«አዎ፣ አዲስ።»

«አንቺ ልጅ፣ ምን ነክቶሽ ነው? አዲስ ፊልም እኔ ጋ የሚደርሰው ትልልቁ ሲኒማ ጠግቦ ሲተፋው ነው። ሰው እኮ ‹ፊልም› ብቻ ብሎ ነው የሚሳለው!»

«አሮጌዎቹንማ አያት መቶ ጊዜ አይተዋቸዋል።»

«እሱስ እውነትሽን ነው። እኔም ሰልችተውኛል።» ግንባራቸውን ጠረጉና፣ «ብቻ እንደተናገረች ንገሪኝ። የእሳቸው ስለት መጓተት አይወድም» አሉኝ።

ስለትም እንደ ሰው አስቤ መሳል ነበረብኝ ለካ። ምነው ዝም ብዬ የተቀቀለ እንቁላል ባልኩ።


ረቡዕ፣ ጁን 18

ካርቱን። ትንሽ ኤሊ ናት። ዓይኖቿ የሩዝ ሳህን የሚያካክሉ። ፈንዲሻዬን እንኳን ሳልጀምር እናትየዋን ማዕበል ወሰዳት።

እነዚህ ካርቱን የሚሠሩ ሰዎች እናት ምን አድርጋቸው ነው? ኤሊም ብትሆን፣ ዓሣም ብትሆን፣ አጋዘንም ብትሆን እናት አሥር ደቂቃ አትቆይም። አባት ይቀራል፣ ቂላቂል ጓደኛ ይቀራል፣ የሚዘፍን ሸርጣን ይቀራል። እናት ግን ትሄዳለች። ልጅየዋ ጀብዱ እንድትሠራ መንገዱን ለቅቃ መሆኑ ነው።

ከኋላዬ አንዲት ሕፃን «እናቷ ትመለሳለች?» ብላ ጠየቀች። እናቷም «ዝም ብለሽ እዪ፣ መጨረሻ ላይ ደመና ሆና ትታያለች» አለቻት። እውነትም መጨረሻ ላይ ደመና ሆና ታየች። ደመና! ብድግ ብዬ ወጣሁ። ጃንጥላዬን ረስቼ ተመለስኩ፣ እንደገና ወጣሁ። ሕፃኗ ሳቀችብኝ።

ቤት ስደርስ የሩዝ ገንፎ ሠርቼ አጎረስኳት። ወንበሬ በስተቀኟ ነው፣ በሲኒማው እንደለመድኩት። በዚያ በኩል መስኮት ስላለ ይነፍሳል። ስለ ኤሊዋ ነገርኳት። ዓይኗን ጨፈነች። ደስ አላላትም መሰለኝ። እኔስ መች ደስ አለኝ።


እሑድ፣ ጁን 22

ወንድሜ ዴት በቪዲዮ ደወለ። ቾንቡሪ መኪና ፋብሪካ ነው የሚሠራው።

«እትዬ፣ እስቲ እማዬን አሳዪኝ። ፊቷ ወፍሯል አይደል?»

«አብጦ ነው።»

«ፈረቃ እንዳገኘሁ እመጣለሁ።»

«እሺ።»

ከጀርባው ሚስቱ ኦራፒን «እርድ አጠጪያት በላት» ስትል ሰማሁ። ከቾንቡሪ ሆና። ስልኩን ዘግቼ የአንዲት ደንበኛ ጸጉር አቃጠልኩ። ትንሽ ነው፣ ከኋላ ነው፣ አይታይም።


ሐሙስ፣ ጁላይ 3

ተናገረች።

ቀን ነው። ፎጣ እየጨመቅኩ ነበር። በግራ እጇ የአልጋውን ብረት መታችና ጥርት ባለ ድምፅ ተናገረች። ሳህኑ ከእጄ አመለጠ። ውሃው ላይ ተንበርክኬ እግሯን ስሜ አለቀስኩ፣ ሳቅኩ፣ «እማዬ አፏን ፈታች!» ብዬ ጮህኩ። እንደገና ተናገረች። ያኔ ነው ምን እንዳለች የገባኝ።

«ዴት» ነው ያለችው።

ከአንድ ወር በላይ ሰገራዋን የጠረግኩት እኔ። ጀርባዋ እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ የማገላብጣት እኔ። ጸጉር ቤቴን ግማሽ ቀን የምዘጋው እኔ። አፏን ስትፈታ ግን ዴት።

ለማንም አልተናገርኩም።


አርብ፣ ጁላይ 4

ውሃ ስሰጣት፦ ዴት።
ሳገላብጣት፦ ዴት።
ድመቷ አልጋው ላይ ስትዘል፦ ዴት!
ገንፎው ሲያቃጥላት፦ ዴት!! ብረቱንም ደበደበችው።

«ዴት የለም እማዬ! ቾንቡሪ ነው! ያለሁት እኔ ነኝ!» ብዬ ጮህኩባት።

አለቀሰች። እኔም ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ከንቱ ነኝ። በታመመ ሰው ላይ ይጮኻል?


እሑድ፣ ጁላይ 6

ዴት በቪዲዮ ደወለ፤ ሳልፈልግ ስልኩን አዞርኩላት። እሱን ሳታይ በፊት፣ እኔ ትራሷን ሳስተካክል «ዴት» አለች። ሰማ።

«እትዬ! ሰማሽ? ጠራችኝ እኮ! እማዬ ጠራችኝ!» ጎረምሳው እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ።

ማታውኑ ፌስቡክ ላይ ለጠፈው። «እናት ሁሉን ብትረሳ ልጇን አትረሳም» ብሎ። ከሥሩ ልብ በልብ ሆነ። «ዴት ዕድለኛ ነህ»፣ «የእናት ነገር!» ምናምን። የሽንት ጨርቋን ማን እንደሚቀይር የጠየቀ አንድም ሰው የለም። እኔም ልብ ሰጠሁት። ምን ላድርግ።


ረቡዕ፣ ጁላይ 9

ኮሜዲ። ሽባ የሆኑ ሽማግሌ አሉ፣ ቤታቸው ውስጥ ደግሞ ፈሪ መንፈስ። መንፈሱ ሲደነግጥ የሽማግሌውን ተሽከርካሪ ወንበር ገፍቶ ይለቀዋል። ሽማግሌው ቁልቁለቱን እየተንደረደሩ የመነኮሳቱን ሰልፍ ለሁለት ሰንጥቀው፣ ገበያውን አቋርጠው፣ የተብላላ ዓሣ ጋን ውስጥ ይወድቃሉ። ሲኒማ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ይኼ ምኑ ያስቃል? ሰው ሽባ መሆኑ ነው የሚያስቀው? የጻፈው ሰው አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ አንስቶ ሽንት ቤት አስቀምጦ ያውቃል? ተናድጄ ተናድጄ ሳለሁ ሽማግሌው ከጋኑ ራሳቸውን አውጥተው ዓሣዋን ከአፋቸው ተፍተው «ጨው ይጎድለዋል» አሉ።

ሳቅ አመለጠኝ። ወደ ግራዬ ዞርኩ። ጃንጥላው ነበር።

ሲወጡ ከፊቴ የነበሩ ሁለት ሴቶች ያወራሉ። «እኔ እንዲህ ከምሆን ብሞት ይሻለኛል» አለች አንዷ። ጀርባዋን በጃንጥላው ጫፍ ጎሰም አደረግኳት። ይቅርታ ጠየቅኩ። ሳላውቅ ነው አልኩ። አውቄ ነው።

ይኼም ተሰርዟል። እማዬ ቤት ተኝታ እኔ በሽባ እስቃለሁ። አይ እኔ።


እሑድ፣ ጁላይ 13

አክስት ላምያይ ቢጎዲ አድርጋ ካስክ ውስጥ ገብታለች። ጎረቤታችን ናት፣ ረቡዕ ረቡዕ እማዬን የምትጠብቅልኝ። ካስክ ውስጥ ያለ ሰው ድምፁ ስለማይሰማው ይጮኻል።

«የባሌ ወንድም ስትሮክ ከመታው በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት ቃል ብቻ ነበር የቀረችው! ‹በርበሬ›! ደህና አደርክ ሲሉት በርበሬ! ሚስቱን ሲጠራ በርበሬ! ሲናደድም በርበሬ! ሐኪሙ ምን አለ፣ ለሱ ሁሉንም እየተናገረ ነው የሚመስለው አለ!»

ሴቶቹ ሳቁ። እሷ ግን አልሳቀችም፣ በመስተዋቱ እኔን ታየኛለች። ቢጎዲውን ሳወጣላት ጠበቅ አድርጌ ሳብኩት።

«እኔ ምን አገባኝ» አልኳት።

«ምንም አላልኩሽም እኮ፣ የኔ ልጅ።»

በርበሬና የሰው ስም አንድ ነው እንዴ? በርበሬ ቾንቡሪ አይኖርም። በርበሬን እናቴ ከኔ አብልጣ አትወደውም።

አጎት ፕራዩንም በበሩ ሲያልፉ አንገታቸውን አስገቡ። «እህስ፣ አፏን ፈታች?»

«አልፈታችም» አልኳቸው።

አክስት ላምያይ አሁንም በመስተዋቱ እያየችኝ ነበር።


ረቡዕ፣ ጁላይ 16

ሲኒማውን ትቼ አያት ጋ ሄድኩ። ፊት ለፊት መነጋገር ይሻላል ብዬ።

«አያት፣ አፏን ከፈታች ነው ያልኩት። አንድ ስም መናገር፣ ያውም የሱን ስም፣ አፍ መፍታት ነው? አይደለም። ስለዚህ ዕዳ የለብኝም» አልኳቸው። ለማረጋገጥ ሁለቱን የጨረቃ ቅርጽ እንጨቶች አንስቼ «ይቆጠራል?» ብዬ ጣልኩ። አንዱ በሆዱ፣ አንዱ በጀርባው። አዎ ማለታቸው ነው። ደግሜ ጣልኩ። አዎ። ሦስተኛውን ከፍ አድርጌ ወረወርኩት፣ አንደኛው እንጨት መሠዊያው ሥር ገባ። በሆዴ ተኝቼ አወጣሁት። አዎ።

«ሰምቻለሁ። አልስማማም» ብዬ ወጣሁ።

በመንፈስ ላይ እንዲህ ይኮራል? ሞተር ሳይክሌን አስነስቼ ወደ ኋላ ሳላይ ሄድኩ።


ረቡዕ፣ ጁላይ 30

ሌላ የበራሪ ጀግና ፊልም ወጥቷል። ይኼኛው ፍቅረኛው ስትሞትበት መሬትን ወደ ኋላ አሽከርክሮ ትናንትን ያመጣል። ከሷ ጋር የሞቱ መቶ ሰዎች ነበሩ። ስለነሱ ማንም አላነሳም።

እኔ መሬት አያስፈልገኝም። አንድ ጠዋት ብቻ። ያን ቀን ወለሉን ያጠብኩት እኔ ነኝ። አልደረቀም ነበር።

ስለዚህ አልጽፍም።


ማክሰኞ፣ ኦገስት 12

የእናቶች ቀን። ዴትና ኦራፒን በሌሊት አውቶቡስ መጡ። የጃስሚን ጉንጉን ይዞ አልጋው ሥር ተንበረከከ፣ ኦራፒን ስልኳን ደግና መቅረጽ ጀመረች።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ። መጣሁልሽ። እስቲ ስሜን ጥሪው።»

ጉንጉኑን አየች፣ እሱን አየች፣ ከዚያ በሱ ትከሻ ላይ አሻግራ እኔን አየች። እኔ ሳህን ይዤ በሩ ላይ ነበርኩ። በግራ እጇ ብረቱን ቀጠቀጠችው። «ዴት! ዴት!»

«እዚህ ነኝ እማዬ! ይኸው!» አላት። ዞር ብላ እንኳን አላየችውም። እኔን ያየችኝ ለምን አታቀርቢውም ብላ መሆን አለበት። ትራሱን ወደሱ ገፋሁላት። ተናደደች። ይኼ ሁሉ ለሱ ነው እንግዲህ።

ማታ በረንዳ ላይ ተጣላን።

«እትዬ፣ ከመጣሁ ጀምሮ ፊትሽን አላየሁትም። ምን አደረግኩሽ?»

«ምንም አላደረግክም። እሱ እኮ ነው ችግሩ።»

«ሥራ ልቀቅና ልምጣ? የፊዚዮቴራፒውን ወጪ ማን ይቻለው ታዲያ? አንቺ በጸጉር ፓይስትራ?»

እውነቱን ነው። እውነቱን መናገሩ የበለጠ አናደደኝ።

«ስምህን ስትሰማ አለቀስክ አይደል? እኔ ስሜን ሰምቼ አላውቅም!» አልኩት። ሳላስበው ነው የወጣው። ኦራፒን ቀረጻውን ስትደመስስ አየኋት። ክፉ ሴት አይደለችም። ልብስ ሁሉ አጥባ ሄደች።


ረቡዕ፣ ኦገስት 20

ሆስፒታል። ከትናንት ጀምሮ። ምግብ ወደ ሳንባዋ ገብቶ የሳንባ ምች ሆነ አሉ። ኦክስጅን አድርገውላታል።

እሁድ ማታ ሩዙን ያጎረሳት ማን ነው? እኔ። ቸኩዬ ነበር? አልቸኮልኩም። ትንሽ።


ሐሙስ፣ ኦገስት 21

ትኩሳት። ዓይኗን አትገልጥም።
«ዴት በይ» አልኳት። «ዴት በይ እማዬ፣ ግድ የለም። የፈለግሽውን በይ።»
ምንም።
ነርሷ «የዘመድ ስም ነው?» አለችኝ። የእማዬን ትራስ አስተካከልኩ።


ሰኞ፣ ኦገስት 25

ትኩሳቱ ወረደ። ድምፅ የለም። ዶክተሩ ይመለስ ይሆናል፣ ላይመለስም ይችላል አለ። ለዚህ ነው የተማረው።

አያት የሰጡኝን ነው መልሰው የወሰዱት። አውቃለሁ። ሰጡኝ፣ የማን ስም ነው ብዬ አመናጨቅኩ፣ ወሰዱት። አንዲት ቃል ነበረቻት፣ እሷንም በኔ ቅናት አጣች። ቅናት ብዬ ጻፍኩት እንግዲህ። ይኸው።


ቅዳሜ፣ ኦገስት 30

ትናንት ቤት ገባን። ዛሬ አያት ጋ ሄድኩ።

«ዋሽቻለሁ። ተናግራ ነበር። የእናቴ አንደበት ተመለሰም አልተመለሰ ዕዳዬን እከፍላለሁ። አዲስ ፊልም ግን ከየት እንደማመጣ አላውቅም» አልኳቸው። «ይታገሱኛል?» ብዬ እንጨቶቹን ጣልኩ። ሁለቱም ጀርባቸውን ይዘው ተንጋለሉ። ይኼ አዎም አይደለም፣ አይሆንምም አይደለም። መሳቃቸው ነው።

ይሳቁ። የሚስቅ ካለ ጥሩ ነው።


ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 4

አጎት ፕራዩን እንደዋሸኋቸው ያውቁ ነበር። «መንደሩ ሁሉ ‹ዴት፣ ዴት› ሲሰማ፣ እኔ ጆሮዬን ሸጫለሁ?» አሉ። አልተቆጡም።

«ፊልሞቹስ?»

«ዕድለኛ ነሽ። የጁንና የጁላይ ፊልሞች ከሲኒማ ወርደው ኪራይ ገብተዋል። ሦስት ይዣለሁ። አንዷ የኤሊ ናት...»

«እናትየዋ ማዕበል የሚወስዳት?»

«አዎ። አንዱ የሽባው ሽማግሌና የፈሪው መንፈስ። ሦስተኛው ደግሞ አረንጓዴ ካባ...»

ሳቅኩ። ከልቤ አይደለም፣ ከንዴት ነው። ሙሉ ክረምት የሰረዝኳቸው ሦስቱ!

«ሌላ የለም?»

«ሌላማ አሮጌ ነው። አዲስ ያልሽው አንቺ ነሽ።»


እሑድ፣ ሴፕቴምበር 14

ትናንት አሳየሁ። እጄ ደክሟል ግን ካልጻፍኩት አልተኛም።

አጎት ፕራዩን ከረፋዱ ጀምሮ በፒክአፑ ድምፅ ማጉያ በኛ መንገድ እየዞሩ ነበር። «ዛሬ ማታ ኩሬው አያት ዘንድ ሦስት ፊልም! ከቱም ጸጉር ቤት!» እማዬ ይኼን ስትሰማ ግራ እጇ ተነሳ። ብረቱን መታች። ቃል የለም። እንደገና መታች። ከአክስት ላምያይ ጋር ቤት ልተዋት ነበር ያሰብኩት፤ ዝናብ ካለ፣ ሳንባዋ ገና ነው ብዬ።

«እኔ እሷን አልጠብቅም» አለች ላምያይ።

«ለምን?»

«እኔም ፊልም ማየት ስለምፈልግ። ልበሺና በተሽከርካሪ ወንበሯ ግፊያት።»

ሸራው ወደ መቅደሱ ዞሮ ተወጥሯል። የፊት ወንበሮች የአያትና የሚጋብዟቸው መናፍስት ናቸው፣ ሰው አይቀመጥባቸውም። ሁሉም ባዶ። ከኋላ ከኛ ሌላ ሁለት የቱክቱክ ሾፌሮችና አንድ ውሻ ናቸው ያሉት። እማዬ በባዶዎቹ ወንበሮች ተከልላ አልታያት አለ። አጎት ፕራዩን ይኼን አዩና ከመካከል ሁለት ወንበር አንስተው ወደ መቅደሱ አጎነበሱ። «አያት፣ ይቅርታ ያድርጉልን። ነባር ደንበኛ ናት» አሉ። ተሽከርካሪ ወንበሯን እዚያው መካከል ገፋነው። እኔም እንደለመድኩት በስተቀኟ ተቀመጥኩ።

ኤሊዋ ጀመረች። ማዕበሉ መጣ፣ እናትየዋን ወሰዳት። ያው ንዴቴ ተነሳ። እማዬ ደግሞ አላርፍ አለች። ወዲያ ወዲህ ትላለች፣ ግራ እጇ የወንበሩን ክንድ ይመታል፣ በስተግራዋ ያለውን ባዶ ቦታ ይዳብሳል፣ ተመልሶ ይመታል። በረዳት ብዬ ሻርፕ አለበስኳት። ጣለችው። ጠማት ብዬ ውሃ ሰጠኋት። ገፋችው። እንዲህ እንዲህ እያልን የኤሊዋ ፊልም አለቀ። ደመናዋም ታየች፣ ታይታ ጠፋች።

ኮሜዲው ሲጀምር አጎት ፕራዩን ከኋላ ጮኹ። «ቱም! አንቺ ልጅ፣ ጭንቅላትሽ ሸራው ላይ ነው! ከብርሃኑ ውጪ! በዚያኛው በኩል ዙሪ!»

እያጉረመረምኩ ወንበሬን አንስቼ በስተግራዋ ተቀመጥኩ።

ሽማግሌው ቁልቁለቱን ተንደረደሩ። መነኮሳቱን ሰነጠቁ። ዓይኔን ከሸራው አንስቼ እሷን በፍርሃት አየኋት። ሽባ ናት፣ በሽባ የሚያሾፍ ፊልም ፊት አስቀምጫታለሁ። ጋኑ ውስጥ ወደቁ። ዓሣዋን ተፉ። «ጨው ይጎድለዋል።»

እናቴ ሳቀች። ግማሽ ፊቷ ብቻ ነው የሚስቀው፣ ግን ድምፁ ያው የድሮው ነው። እጇም ወደቀ። ብረት ላይ አይደለም። ጉልበቴ ላይ፣ በጀርባው፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ።

«ዴት! ዴት! ዴት?»

የመጨረሻው እንደ ጥያቄ ነበር። ድምፁን አውቀዋለሁ። አሥራ ምናምን ዓመት በየረቡዑ የሰማሁት ድምፅ ነው። ያ ሁሉ ብረት መደብደብ፣ ገንፎው ሲያቃጥላት፣ ድመቷ ስትዘል፣ ጃስሚኑ ሲመጣ፣ ለካ እኔን ስትጠራ ነው የከረመችው። እኔ ደግሞ በታመመው ጎኗ በኩል ተቀምጬ እጇ እንዳይደርስብኝ አድርጌ፣ አትጠራኝም ብዬ ስጮህባት ነበር። አፈርኩ። ማልቀስ ጀመርኩ፣ ልታየኝ ስትዞር በሻርፑ ፊቴን ጠረግኩ። የሚያስለቅስ ፊልም አትወድማ።

ሾፌሮቹ ሄዱ። ውሻው ተኛ። ላምያይ ወንበሯ ላይ አንኮራፋች። ሦስተኛው ፊልም መጣ፣ ያው አረንጓዴ ካባ፣ ያው የማይረባ ቀልድ። አሁንም አይረባም፣ ሐሳቤን አልቀየርኩም። ባቡሩ መጥቶ ገጨው። አስፋልቱ ላይ ተፈጠፈጠ። እማዬ ትንፋሿን ያዘች፣ ጉልበቴን በጣም መታችው።

«ዴት!»

«አየሁት፣ እማዬ» አልኳት። «አሁን ይነሳል። እዪው።»